ዳዋ አለህ ወይ?



በዚህ ሳምንት ስለ አንዲት አጭር ቃል እናወጋችኋለን። ቃሏ ሁለት ፊደል ብቻ አላት። ዳ እና ዋ። ሁለቱን ስናገጣጥም ዳዋ ትሆናለች። ፊደል የቆጠረ ሁሉ ይቺን ቃል በአንድ ትንፋሽ ያነባታል። ታዲያ አንብቦ መጨረስና ተረድቶ መጨረስ ለየቅል ናቸው። ይቺ ቃል በአንዱ አፍ አረም ናት። በሌላው አፍ መድኃኒት ናት። ራቅ ብሎ ደግሞ እህል ናት። በይቺው ቃል የተነሣ አንድ የታመመ ሕፃን መድኃኒቱ አጠገቡ እያለ ሊቀርበት ነበር። ነገሩ የሆነው ሁርሶ ላይ ነው።

ሁርሶ ላይ የሆነው

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ትገኛለች። ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ያልፍ በነበረው በአሮጌው የባቡር መንገድ ላይ ያለች ናት። አገሩ ቆላ ነው። ግራር ይበዛበታል። ገበሬው ማሽላ ይዘራል። አርብቶ አደሩ ግመልና ፍየል ያሰማራል። ኦሮምኛ የሚናገር አለ። ሶማልኛ የሚናገር አለ። አማርኛ የሚናገርም አለ። የወታደር ማሠልጠኛ ስላለም ከአገሩ ሁሉ የመጣ ወጣት ያልፍበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰው በአንድ ቀን ሦስት አራት ቋንቋ ይሰማል።

ታሪኩን የነገሩን የነገሩ ባለቤት ራሳቸው ናቸው። «ስሜን አትጻፉት እንጂ ነገሩን ጻፉት፤ ሰው ይማርበት» ብለውናል። እኛም እንዳሉት አድርገናል።

እኚህ አባት ከወሎ መጥተው እዚያ ማረስ የጀመሩ ሰሞን ነበር። ኦሮምኛ ገና አልለመዱም። ወሩ ሐምሌ ነው። ማሽላው በቅሏል። አረሙም ከማሽላው እኩል በቅሏል። ለሁለት ሳምንት ወገባቸውን አሟቸው ስለ ነበር ማሳውን አላረሙትም። ቅንጨ አረም የሚባለው ክፉ አረም ዳር ዳሩን ይዞታል። ይህን አረም የሐረርጌ ኦሮሞዎች ፈረምሲሳ ይሉታል። ከብት ሲበላው ወተቱ ይመርራል። ሰው በባዶ እጁ ሲነካው ቆዳውን ያሳክከዋል። እኚህ አባት ማሳቸውን ባዩ ቁጥር ያፍሩ ነበር። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያማቸው ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ማለዳ አንዲት ወጣት እናት ማሳውን አቋርጣ እየሮጠች መጣች። ትንፋሽዋ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። በእጅዋ ከማሳው ማዶ ወዳለው ወደ ሰውየው ቤት ታመለክታለች።

«ያ ኦቦሌሳ! ዳዋ ቀብዳ? ዳዋ!» አለች።

እሳቸው የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው። ዳዋ። በአማርኛ ዳዋ ማለት ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሳይታረስ የከረመ መሬት ዳዋ ለበሰ ይባላል። ሰው የተወው ግቢ ዳዋ ዋጠው ይባላል። ዳዋ ማለት ያልተፈለገ ቁጥቋጦና አረም ማለት ነው። ለገበሬ ደግሞ ማሳህ ዳዋ ሆነ ከመባል የከፋ ስድብ የለም። እኚህ አባት ደማቸው ፈላ።

«አንቺ ሴት! ማሳዬ ዳዋ ቢሆን አንቺን ምን አገባሽ? በማለዳ የመጣሽው ልትሰድቢኝ ነው?» አሉ።

እሷም አማርኛ አትሰማም። ቁጣውን ግን ሰማች። አሁንም ደግማ «ሙጫን ነ ዱኩብሳቴ! ዳዋ!» አለች። ይሄ ደግሞ ባሰ። ሙጫ በአማርኛ ከግራር ላይ የሚለቀም ነገር ነው። ሰውየው ዳዋና ሙጫ አንድ ላይ ሲሰሙ ሴትዮዋ የምታላግጥባቸው መሰላቸው። ፊታቸውን አዙረው ሊሄዱ ተነሡ። እሷም አለቀሰች።

ደግነቱ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ይዛ በዚያ ታልፍ ነበር። ልጅቱ ሁለቱንም ቋንቋ ታውቃለች። ቆማ ሰማችና «አባባ፣ ስለ ማሳዎ አይደለም የምትለው። ወንድሜ ሆይ መድኃኒት አለህ ወይ ነው የምትለው። ሙጫ ማለት ልጅ ነው። ልጄ ታመመብኝ እያለች ነው» አለቻቸው።

እኚህ አባት እዚህ ላይ ሲደርሱ ወሬያቸውን አቋርጠው ዝም አሉ። ቆይተው «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ» አሉን።

ሕፃኑ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ነው ያደረው። ከሰውየው ቤት ደግሞ ከጤና ኬላ የተሰጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ሁለት ከረጢት ተቀምጧል። ሚስታቸው ሮጠው አመጡ። እኚህ አባት በዚያው ዓመት ነበር ፊደል የቆጠሩት። ከረጢቱን ወደ ብርሃን አዙረው ፊደል በፊደል አነበቡ። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል ይላል። ውኃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ነበር፤ በሊትር ለክተው በጠበጡት። እናትየው በማንኪያ በማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ አጠጣችው። ከዚያም ልጁን አዝለው አብረው ወደ ጤና ኬላ ሄዱ። ልጁ ዳነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስታውሳችሁ። የተበጠበጠው ከአንድ ቀንና ከአንድ ሌሊት በላይ አይቀመጥም፤ ተደፍቶ አዲስ ይበጠበጣል። ሕፃኑ መጠጣት ካቃተው፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት፣ ቤት ውስጥ መዋል የለበትም። ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ቃል ከአገር አገር ይጓዛል

አሁን ወደ ቃላችን እንመለስ። ለመሆኑ በኦሮምኛ ዳዋ እንዴት መድኃኒት ሊሆን ቻለ?

ቃሉ የመጣው ከዐረብኛ ነው። በዐረብኛ መድኃኒት ዳዋእ ይባላል። የዐረብ ነጋዴዎች ከጥንት ጀምሮ ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ከአገራችን ሰዎች ጋር ይገበያዩ ነበር። ከሐረርና ከዘይላ ጋር ይነግዱ ነበር። ነጋዴ ጨርቅና ቅመም ብቻ ይዞ አይመጣም። ቃልም ይዞ ይመጣል። ዕቃው ያልቃል፤ ቃሉ ግን ይቀራል።

ዳዋእም እንዲሁ ቀረ። በሐረርጌ ኦሮምኛ ዳዋ ሆነ። በሶማልኛ ዳዎ ወይም ዳኣዎ ሆነ። ከዚያም ወደ ደቡብ ሄደ። በኬንያና በታንዛኒያ የሚነገረው ቋንቋ ስዋሂሊ ይባላል። በስዋሂሊም መድኃኒት ዳዋ ነው። የጥርስ ሳሙናን «ዳዋ ያ ሜኖ» ይሉታል። የጥርስ መድኃኒት ማለት ነው። ቃሉ ወደ ምሥራቅም ተጉዟል። በፋርስና በህንድ መድኃኒት ደዋ ይባላል፤ መድኃኒት የሚሰጥበት ቤት ደግሞ ደዋኻና ነው። ወደ ሰሜን ሄዶ በቱርክ አገር ዴቫ ተብሏል።

እንግዲህ ያቺ የሁርሶ እናት «ዳዋ!» ብላ የጮኸችው በናይሮቢ ወይም በዳሬሰላም ቢሆን ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ቤት ያሳያት ነበር። ያልገባን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ነን።

ነገር ግን ናይጄሪያና ኒጀር ብትሄድ ደግሞ ሌላ ይገጥማታል። በዚያ ሐውሳ የሚባል ሕዝብ አለ። ቋንቋውም ሐውሳ ይባላል። በሐውሳ ዳዋ ማለት ማሽላ ነው። ይኸው እኛ የምንዘራው ማሽላ። ደግሞም ዳዋ ማለት በሐውሳ ዱር፣ ጫካ ማለትም ይሆናል። የዱር አውሬን የዳዋ አውሬ ይሉታል። አንድ የሐውሳ ሰው በዚያ ማለዳ በዚያ ማሳ አጠገብ ቢያልፍ ኖሮ «እውነት ነው፤ ዳዋም አለ፣ ዳዋም ውጦታል» ባለ ነበር። ማሽላም አለ፣ ዱርም ውጦታል ማለቱ ነው።

የአማርኛው ዳዋና የሐውሳው ዳዋ በትርጉም መቀራረባቸው ዘመድ ናቸው አያሰኝም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ስም ሊኖራቸው ይችላል። ከጎንደር የመጣ ከበደና ከሐረር የመጣ ከበደ የግድ ወንድማማቾች ናቸው እንዴ? የሰው አፍ የሚያወጣው ድምፅ ጥቂት ነው። በዓለም ላይ ያለው ቋንቋ ግን በሺህ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አጫጭር ቃላት በየአገሩ መገጣጠማቸው አይቀርም።

ደዌና ዳዋ

አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚደንቀውን እንንገራችሁ። የዐረብኛው ዳዋእ በእኛም ቤት ዘመድ አለው። ዘመዱ ማን ነው? ደዌ ነው።

ደዌ ማለት በሽታ ነው። «የማይድን ደዌ ያዘው» እንላለን። የታመመውን ሰው ድውይ እንለዋለን። ቃሉ የግእዝ ነው። በግእዝ ደወየ ማለት ታመመ ማለት ነው። ግእዝና ዐረብኛ ደግሞ እንደ ወንድማማች ያሉ ቋንቋዎች ናቸው። በዐረብኛም ከዚሁ ሥር የወጣ ደዊየ የሚል ቃል አለ። እሱም ታመመ ማለት ነው። ከዚያው ከአንዱ ሥር ዳዋእ ሲወጣ ግን መድኃኒት ይሆናል። አንዱ ግንድ ሁለት ቅርንጫፍ አወጣ። በአንዱ ቅርንጫፍ ላይ በሽታ አፈራ፤ በሌላው ላይ መድኃኒት አፈራ።

ይህ እንግዳ ነገር ይመስላል። ግን እስቲ የራሳችንን ቋንቋ እንመርምር። መድኃኒት የሚያድን ነገር ነው አይደል? ታዲያ «እገሌን መድኃኒት አበሉት» ሲባል ምን ማለት ነው? መርዝ አበሉት ማለት ነው። በዚያው በአማርኛ፣ በዚያው በአንድ ቃል፣ የሚያድነውንም የሚገድለውንም እንጠራበታለን። ሰሚው የሚለየው በነገሩ አኳኋን ነው። ሐኪም መድኃኒት ሰጠው ሲባል ደስ ይለናል። ጠላቱ መድኃኒት ሰጠው ሲባል እንደነግጣለን። ስለዚህ የሰው ቋንቋ እንዲህ ነው ብለን አንሳቅ። የእኛም እንዲሁ ነው።

መድኃኒትና ክስ

አንድ ፊደል ወይም አንድ ድምፅ ሲጨመር ደግሞ ነገሩ ይለወጣል። በዐረብኛ ዳዕዋ የሚል ሌላ ቃል አለ። መካከሉ ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ ድምፅ አለበት። ያ ድምፅ በግእዝ ዐ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ትግርኛ ተናጋሪዎች እስከ ዛሬ አጥርተው ይናገሩታል። እኛ በአማርኛ አ እና ዐ ብለን ብንጽፍም በአፋችን አንለያቸውም። ዳዕዋ ማለት ክስ፣ የዳኝነት አቤቱታ ማለት ነው። በሶማልኛም ዳዕዎ ክስ ነው። ቱርኮችም ዳቫ ሲሉ ክስ ማለታቸው ነው። ከዚያው ቤተሰብ የሆነው ሌላው ዳዕዋ ደግሞ በእስልምና ወደ እምነት መጥራትና ማስተማር ነው።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ሶማልኛ ተናጋሪ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይመጣል። ግመሉ ጠፍቶበታል። «ዳዕዎ አለኝ» ይላል። ክስ አለኝ ማለቱ ነው። ሰሚው የጉሮሮዋን ድምፅ ሳያስተውል ቢቀር ሰውየውን ወደ መድኃኒት ቤት ይልከዋል። ግመሉም በዚያው ጠፍቶ ይቀራል።

ለዚህ ነው በጽሑፍ ጊዜ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። የሶማልኛ ጽሑፍ በ1965 ዓ.ም. በሶማሊያ በላቲን ፊደል እንዲሆን ተወስኗል። ዛሬ በአገራችንም ሶማልኛ በዚሁ ይጻፋል። ለዚያች ለጉሮሮ ድምፅ አንድ ፊደል ተመድቦላታል። ኦሮምኛም ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል። በቁቤ ረጅም ድምፅ ሁለት ፊደል ተደርጎ ይጻፋል፤ አጭሩ በአንድ ፊደል። አንባቢው እንዳይሳሳት ነው።

የከተማዋ ስም

የድሬዳዋ ሰዎች እስካሁን «የእኛንስ ስም መቼ ልታነሡ ነው?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ድሬዳዋ ውስጥ ዳዋ አለ እኮ!

ድሬዳዋ ያደገችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሲደርስ ነው። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር ተብላ ነበር። የቆየው ስም ግን አሸነፈ። ስለ ስሙ አመጣጥ ሽማግሌዎች የሚያወሩት ልዩ ልዩ ነው። በኦሮምኛ ድሬ ማለት ሜዳ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች የመድኃኒት ሜዳ ማለት ነው ይላሉ። ሌሎች ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ግን ሁለተኛው ቃል በ«ደ» ሳይሆን ምላስ ወደ ላይ ታጥፎ በሚነገረው በ«ዸ» ነው ይላሉ። በእነሱ አነጋገር ትርጉሙ ከመምታት፣ ከመውጋት ጋር ይያያዛል። በቁቤም የከተማዋ ስም በዚሁ በ«ዸ» ነው የሚጻፈው። ሶማልኛ ተናጋሪዎች ደግሞ ዲር የሚባለው አባታቸው ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ብለው ያወጋሉ።

አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መንገደኛስ ስሙን ሲሰማ ምን ያስባል? አረም የበዛበት ቦታ ሊመስለው ይችላል። አንዲት ከተማ፣ አንድ ስም፤ ሰሚው ግን ብዙ ነው። ሁሉም በራሱ ጆሮ ይሰማዋል። በከተማዋ ውስጥ ግን ሁሉም አብሮ ይኖራል፤ በገበያም ይገናኛል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን በአገራችን ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛም ነበሩበት። በዚያን ጊዜ ሁሉም በግእዝ ፊደል ነበር የሚጻፉት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ታወቀ። ሰው በአፍ በፈታበት ቋንቋ ሲማር ቶሎ ይገባዋል። ዛሬም ይህ እውነት ነው። የራስን ቋንቋ ማንበብ የመጀመሪያው በር ነው። የጎረቤትን ቋንቋ መስማት ደግሞ ሁለተኛው በር ነው።

የጎረቤትን ቋንቋ በአንድ ጊዜ መማር አይቻልም ይሆናል። በቀን አንድ ቃል መማር ግን ይቻላል። በዓመት ስንት ቃል እንደሚሆን እናንተው አስሉት። መጀመሪያ የሚያስፈልጉትን ቃላት እንማር። ውኃ፣ እሳት፣ ልጅ፣ መድኃኒት፣ ታመመ፣ ጠፋ፣ ና፣ እርዳኝ። ከእነዚህ አንዱን አለማወቅ ሕይወት ያስከፍላል።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ሰው በቋንቋው የተናገረው ቃል ስድብ መስሎ ከተሰማን፣ ከመቆጣታችን በፊት እንጠይቅ። «ይህ ቃል በእናንተ ምን ማለት ነው?» እንበል። ይቺ ጥያቄ ምንም አታስከፍልም። ቁጣ ግን ያስከፍላል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲሉ አባቶቻችን እውነታቸውን ነው።

ከረጢት ላይ፣ ጠርሙስ ላይ፣ ወረቀት ላይ ያለውንም እናንብብ። ቃሉ ካልገባን የሚያውቅ እንጠይቅ። እኚያ አባት ፊደል ባይቆጥሩ ኖሮ «1 ሊትር» የሚለውን አያዩትም ነበር። ልጅቱ ባትተረጉም ኖሮ ደግሞ ከረጢቱም ከቤቱ አይወጣም ነበር። ሕፃኑን ያዳኑት ሁለቱም ናቸው። ንባቡም፣ ትርጉሙም።

መጨረሻው

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ሕፃኑ በዳነ በሳምንቱ የሕፃኑ አባትና አጎቶቹ መቆፈሪያቸውን ይዘው ወደ ሰውየው ማሳ መጡ። እንዲህ ያለውን ሥራ እኛ ደቦ እንለዋለን። በሐረርጌ ኦሮሞዎች ጉዛ ይባላል። ያቺው ተማሪ አብራቸው መጥታ ነበር።

የሕፃኑ አባት ተናገረ፤ ልጅቱም ተረጎመች። «አባባ፣ እርስዎ ዳዋ ሰጥተውናል። እኛ ደግሞ ዳዋዎን እንነቅልልዎታለን ነው የሚለው» አለች። የአማርኛውን ዳዋ ያስተማረችው እሷው ናት።

ሁሉም ሳቀ። እስከ ቀትር ድረስ አረሙ ከማሳው ወጣ። እጃቸውን እንዳያሳክካቸው በጨርቅ ጠቅልለው ነበር። ማሽላውም በዚያ ዓመት ጥሩ አፈራ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ማለት ይህ ነው።

እናንተስ? በእናንተ ቀበሌ እንዲህ ያለ ቃል አለ? በአንዱ ቋንቋ ሌላ፣ በሌላው ቋንቋ ሌላ የሆነ ቃል? በዚህ ሳምንት አንድ ጎረቤታችሁን ጠይቁ። የሰማችሁትን ቃል በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ፊት ለፊቱ የእሱን ትርጉም፣ ከሥሩ የእናንተን ትርጉም አድርጉ። ከዚያም ለቤተሰባችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው።